«አስተያየታችሁ ተመዝግቧል» ማለት መልስ አይደለም

በከተማ የሚኖር ማንኛውም መራጭ የቀበሌ ወይም የወረዳ ስብሰባ ምን እንደሚመስል አሳምሮ ያውቃል። ጥሪው አንድ ቀን ሲቀረው ይመጣል፤ በሩ ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል፤ መድረኩ ላይ የተቀመጡት ኃላፊዎች ስለ ዕቅዱ ጥቅም ከአንድ ሰዓት በላይ ያብራራሉ፤ ከዚያ በኋላ «ጊዜ ስለሌለ አምስት ሰው ብቻ» ተብሎ ዕድል ይሰጣል። አምስቱ ይናገራሉ። ከአምስቱ ሦስቱ እነማን እንደሆኑ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻም ሰብሳቢው «የተነሡት ጥያቄዎች ተመዝግበዋል፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ይልና ስብሰባው በጭብጨባ ይዘጋል። ማታ በዜና ነዋሪው ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ መደገፉ ይነገራል። የዚህ ስብሰባ የውጭ ስሙ «የሕዝብ ውይይት» ሲሆን በመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው ስም ደግሞ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ሁለቱ ስሞች እንደማይገናኙ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግንዛቤ ለማስጨበጥ የመጣ ሰው ሊናገር እንጂ ሊሰማ አልመጣም።

ፓርቲያችን በዚህ ምርጫ ለመራጩ ከሚያቀርባቸው አማራጮች አንዱ ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታል። ሕዝብ በፖሊሲ ዝግጅት ይሳተፋል የማይል ፓርቲ የለም፤ ገዢው ፓርቲም ይለዋል፣ ከእርሱ በፊት የነበሩትም ብለውታል። እኛ የምንለው ከዚህ ይለያል። ዜጋው ለሰጠው ሐሳብ መንግሥት በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት፤ ይህ ግዴታ ሳይፈጸም የወጣ ሕግ ወይም የጸደቀ የከተማ ፕላን በፍርድ ቤት ይሻር። ከዚህ ያነሰ ነገር ሁሉ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነው። ቁልፉ የት እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይታችሁ ይሆናል።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የሕዝብ ሉዓላዊነት በተወካዮች ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በቀጥታ በሚያደርገው ዴሞክራሲያዊ ተሳትፎም እንደሚገለጽ ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት የልማት ፖሊሲ ሲነድፍ ሕዝቡን በየደረጃው እንዲያሳትፍ ያዝዛል። ሆኖም ሳትጠየቁ ቤታችሁ ቢፈርስ ወይም ግብራችሁ ቢጨምር አንቀጽ 43 ተጥሷል ብላችሁ የት ትከሳላችሁ? ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የመደበኛ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ የፖለቲካ ተመራጮች የሚቀመጡበት ነው። ስለዚህ መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ባለመብቱ የሚያንኳኳው በር ግን የለም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር ፒያሳና አካባቢዋ በጥቂት ወራት ውስጥ ምን እንደሆነች ሁላችንም አይተናል። ሥራው ከዚያ በኋላ ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መተከሉን፣ የእግረኛ መሄጃ መሠራቱን የሚጠላ የከተማ ነዋሪ የለም፤ እኛም አንጠላውም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በሰፈሩ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ሰው መንገዱ በየት በኩል ቢያልፍ ስንት ቤት እንደሚተርፍ፣ የጎርፉ መውረጃ የት እንደሆነ፣ ከጉሊት ንግድ የሚኖሩት እናቶች ከዚያ ቦታ ቢነሡ በምን እንደሚተዳደሩ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። መሐንዲሱ ካርታውን ያውቃል። ነዋሪው ሰፈሩን ያውቃል። ነዋሪው ከተጠየቀም የሚጠየቀው ካርታው አልቆ ከተፈረመበት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቀረው ጥያቄ «መቼ ትወጣላችሁ?» የሚል ብቻ ይሆናል።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጣ። የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻና ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲደረግ አዘዘ። ዓላማው ደግ ነው፤ ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪና ከድንገተኛ መባረር መጠበቅ ማንም የሚቀበለው ነው። ነገር ግን ውሉ ላይ የሚጻፈው ብርና በእጅ የሚቆጠረው ብር ሊለያይ እንደሚችል ከተከራይ በላይ ማን ያውቃል? ከጓሮዋ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ኪራይ የምትተዳደር ጡረተኛ እናትና አሥር ቤት የሚያከራይ ባለሀብት በአንድ አንቀጽ ሲዳኙ ምን እንደሚፈጠር ከእርሷ በላይ ማን ያስረዳል? አከራይም ተከራይም ደላላም በየራሱ በኩል የሚያውቀውን ቢያዋጣ ኖሮ አዋጁ የተሻለ አዋጅ ይወጣው ነበር። እንዲህ ያለው እውቀት በጥናት ቡድን አይገኝም። በከተማው ውስጥ ተበትኖ ያለ እውቀት ነው፤ ማሰባሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፈረንጆቹ ይህን ሥራ «ክራውድሶርሲንግ» ይሉታል። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አንድ ጥያቄ ለሁሉም ክፍት ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ካለበት ቦታ ሆኖ የሚያውቀውን ያዋጣል፤ ብዙ ትንንሽ መዋጮዎች ተደምረው ጥቂት ባለሙያዎች ብቻቸውን የማይሠሩትን ይሠራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ብሂላችን ያው ነው። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ የምናሻሽለውም በዚሁ መንገድ ነው። ረቂቁ ለጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል፤ አንድ አባል ተነሥቶ «ይህ አንቀጽ ልጅ የሌለውን ሰው ይጎዳል» ይላል፤ ዳኛው ደግሞ በዚያው ጉባኤ ፊት መልስ ይሰጠዋል። «ተመዝግቧል» ብሎ የሚያልፍ የእድር ዳኛ በሚቀጥለው ዓመት ዳኛ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን መራጩን ልናስጠነቅቅ እንወዳለን። የሕዝብን ሐሳብ ማሰባሰብ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የገዛ ታሪካችን በቂ ነው። በሰኔ 1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት አዲስ ያረቀቀውን ሕገ መንግሥት 1 ሚሊዮን ቅጂ አሳትሞ በከተማ ቀበሌዎችና በገበሬ ማኅበራት አሠራጨ። በሁለት ወር ውስጥ በ25,000 ያህል ቦታዎች ውይይት ተካሄደ። ሰው የመጣው በግድ ነው የሚለው እውነት ቢሆንም የሚነካውን ሲያገኝ ተናግሯል፤ ስለ ግብር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሴቶች መብት ተጠይቋል። በተለይ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። አርቃቂው ኮሚሽን 95 ማሻሻያዎች አደረግሁ አለ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 81 በመቶ ደገፈ ተባለ። ከማሻሻያዎቹ አብዛኞቹ ላይ ላዩን የተነካኩ ነበሩ፤ የአንድ ፓርቲ አገዛዙ፣ ያ ሁሉ ሥልጣን በአንድ እጅ መከማቸቱ እንደነበረ ቀረ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በቁጥር ብቻ ከተለካ ያ ሥራ «አሳታፊ» ነው፤ አንድ ሚሊዮን ቅጂና ሃያ አምስት ሺህ ስብሰባ ቀላል አይደለምና። የጎደለው አንድ ነገር ነበር። ለሰጠው ሐሳብ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የሚችል ዜጋና መልስ ለመስጠት የሚገደድ መንግሥት አልነበሩም።

ከደርግ በኋላም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ሲረቀቅ ማኅበራቱ ተጠርተው ተወያይተዋል። በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያግደው ድንጋጌ እንደሚያፈርሳቸው ተናግረዋል። አልተሰሙም። ብዙዎቹ እንደተናገሩት ወይ ሥራቸውን ቀየሩ ወይ ተዳከሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ራሱ መንግሥት አዋጁን ሽሮ በሌላ ተካው። በ2001 የተሰጠው አስተያየት ትክክል እንደነበር ለመረዳት አሥር ዓመት ፈጀ። በነዚያ ዓመታት ነፃ የሕግ ምክር ያጣ እስረኛ፣ ታዛቢ ያላየው የምርጫ ጣቢያ፣ ተሟጋች ያልነበራት የተደፈረች ልጅ ዋጋውን ከፍለዋል።

የውጭውን ዓለም ልምድ ስናይ ደግሞ ሁለት አገሮች ሁለት የተለያየ ትምህርት ይሰጡናል።

አንደኛዋ አይስላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስቱ ታላላቅ ባንኮቿ በአንድ ሳምንት ግድም ሲወድቁ የሕዝቡ እምነት በፖለቲከኞቹ ላይ ተሟጠጠ፤ ሕገ መንግሥቱ ይለወጥ ተባለ። የተመረጠው መንገድ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። በ2010 ከሕዝብ መዝገብ በዕጣ የተመረጡ 950 ያህል ተራ ዜጎች አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠው አዲሱ ሕገ መንግሥት ሊይዛቸው የሚገቡትን መርሖች አወጡ። ከዚያም ከ522 ተወዳዳሪዎች መካከል 25 ሰዎች ተመረጡ፤ የፓርላማ አባላት እንዳይወዳደሩ ተከልክለው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምርጫውን አፈጻጸም ጉድለት አንሥቶ ውጤቱን ቢሽረውም ፓርላማው ያንኑ ቡድን ምክር ቤት አድርጎ ሰየመው። ይህ ምክር ቤት በ2011 ለአራት ወራት ሲሠራ ያረቀቀውን በየሳምንቱ ለሕዝብ ያወጣ ነበር፤ ሕዝቡ በኢንተርኔት፣ በፌስቡክም ጭምር፣ ወደ 3,600 የሚሆን አስተያየትና 370 ያህል መደበኛ ሐሳብ ላከ፤ አርቃቂዎቹም አንብበው ይመልሱ፣ ረቂቁንም ያርሙ ነበር። የሕዝቡ ጠቅላላ ቁጥር ያኔ 320,000 ያህል እንደነበር ስናስብ መዋጮው ትንሽ አይደለም። ጥቅምት 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ረቂቁ የአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት ይሁን አሉ።

ከዚያስ? ፓርላማው አላጸደቀውም። ሕዝበ ውሳኔው የምክር እንጂ የማስገደድ ኃይል አልነበረውም፤ በ2013 የምርጫ ዘመኑ አለቀና ነገሩ ተዳፈነ። ዓለም ሁሉ ያደነቀው ሥራ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አይስላንድ ምንም ዓይነት የኢንተርኔት ችግር የሌለባት፣ ሕዝቧ የተማረ፣ ጋዜጣዋ ነፃ የሆነ አገር ናት። የጎደላት የሥልጣን ባለቤቱን ለሕዝብ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ነበር። ቴክኖሎጂ ይዘን መጥተናልና ሕዝብ ተሳተፈ የሚሉ ወገኖች ሲገጥሙን ይህን እናስታውስ።

ሁለተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ለእኛም በብዙ መንገድ የምትቀርበው እርሷ ናት። የአፓርታይድ አገዛዝ ካከተመ በኋላ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ከሕዝብ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጽሑፍና የፊርማ አቤቱታ ተቀብሏል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ይልቅ ግን ፍሬ ያፈራው በሕገ መንግሥቱ የገቡት ሦስት አጫጭር አንቀጾች ናቸው፤ 59፣ 72 እና 118። የአገሪቱ ፓርላማ ሁለቱም ምክር ቤቶችና የየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች ሕግ ሲያወጡ ሕዝቡን የማሳተፍ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋሉ። ይህ ግዴታ የፍርድ ቤት ጥርስ እንዳለው በነሐሴ 2006 ታየ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ስለ ባህል ሐኪሞችና ስለ ፅንስ ማቋረጥ የወጡ ሁለት የጤና ሕጎችን ሻረ። ሕጎቹ ይዘታቸው ክፉ ነው አላለም፤ የክፍለ ሀገሮች ብሔራዊ ምክር ቤት ሕዝቡን እንደሚገባ ሳይሰማ ስላጸደቃቸው ብቻ ዋጋ የላቸውም አለ። ለማረሚያም 18 ወር ሰጠ።

በዚያው ወር ደግሞ የማታቲየሌ ከተማ ነዋሪዎች ጉዳይ ተወሰነ። ከተማቸው ከክዋዙሉ ናታል ወደ ምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር እንድትዛወር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተወስኖ ነበር። የክዋዙሉ ናታል ምክር ቤት ይህን ሲያጸድቅ ነዋሪውን አላነጋገረም። ፍርድ ቤቱ በዚህ ምክንያት የወሰን ለውጡን ሻረው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻያ «አልጠየቃችሁንም» ብለው አስቆሙት ማለት ነው። በአገራችን የወሰን ጥያቄ ስንት ሕይወት እንደቀጠፈ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ደግሞ ማስረዳት አያሻም።

መጨረሻው ምን ሆነ? ፓርላማው ሥርዓቱን አሟልቶ ማሻሻያውን በ2007 እንደገና አወጣው፤ ማታቲየሌም ዛሬ በምሥራቅ ኬፕ ውስጥ ናት። ይህን ሳንደብቅ የምንናገረው ለመራጩ ያልሆነ ተስፋ መስጠት ስለማንፈልግ ነው። መጠየቅ ማለት የጠየቁት ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። ሐሳባችሁ ተሰምቶ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውድቅ ያደረገው ሰው ስሙን ጽፎ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ በአደባባይ ያኖረዋል፤ በሚቀጥለው ምርጫ ያን ወረቀት ይዛችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ተሸንፎ ምክንያቱን ማወቅና ሳይጠየቁ መነቀል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ገዢው ፓርቲና አንዳንድ ምሁራንም ይህን ሐሳብ በተለያየ ምክንያት ይነቅፉታል። ከሁሉ የተለመደው «ፖሊሲ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ገና ግንዛቤ የለውም» የሚለው ነው። የባለሙያን ሥራ አንንቅም። የግብር መጠን ስንት ቢሆን ካዝናው ስንት እንደሚያገኝ የኢኮኖሚ ባለሙያ ያስላ። ግብሩ ሲሰበሰብ ገማቹ በየሱቁ ምን እንደሚያደርግ ግን ነጋዴው ይናገር። ግንዛቤ የለውም የሚባለው ይኸው ሕዝብ በየአምስት ዓመቱ መንግሥት ምረጥ ሲባል በቂ ግንዛቤ ያለው፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግን የሌለው እንዴት ሊሆን ቻለ?

ከዚህ የከበደው ነቀፋ ሌላ ነው፤ «በቅስቀሳ የመጣ ጥቂት ጯሂ የብዙኃኑን ዝምታ ይሸፍናል» የሚል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። አንድ ካድሬ አንድን ጽሑፍ ሺህ ጊዜ ሊያስልክ ይችላል፤ ባለሀብትም ሰው ቀጥሮ ሊያስጽፍ ይችላል፤ ተቃዋሚ ፓርቲም፣ እኛን ጨምሮ፣ ደጋፊውን ሊያዘምት ይችላል። ለዚህ ነው የምናቀርበው አሠራር ድምፅ ቆጠራ ያልሆነው። ሺህ ጊዜ የተላከ አንድ ምክንያት አንድ ምክንያት ነው፤ አንዴ ይመለሳል። አንዲት ሴት ብቻዋን የጻፈችው ሌላ ምክንያትም አንዴ ይመለሳል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2015 ኡበር የተባለው የታክሲ አገልግሎት ባስነሣው ውዝግብ ላይ የተጠቀመችበት ዘዴም የሚጠቅም ነው። ተሳታፊዎች ሐሳብ ያቀርባሉ፤ በሌላው ሐሳብ ላይ እስማማለሁ ወይም አልስማማም ይላሉ እንጂ እርስ በርስ መመላለስ አይችሉም። ስድብ ቦታ አጣ፤ ባለታክሲውም፣ የኡበር ሹፌሩም፣ ተሳፋሪውም የሚስማሙባቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ ኢንሹራንስና ሕጋዊ ምዝገባ፣ ጎልተው ወጡ። የዚያ መድረክ ውጤትም በሕግ አስገዳጅ አልነበረምና መጠኑን አናጋንንም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከመራጩ ከራሱ የሚመጣ ነው። «ስሜን ጽፌ ብቃወም ማን ይጠብቀኛል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የማያነሣ ሰው በዚህ አገር አልኖረም። ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጥ፣ የንግድ ፈቃድ ላይ አስተያየት የሚጽፍ፣ የኮንዶሚኒየም ማስረጃ የሚያረጋግጥ ቢሮ ያው አስተያየት ሰብሳቢው ከሆነ ማንም እውነቱን አይጽፍም። ስለዚህ አስተያየት የሚሰበስበው አካል ከአስፈጻሚው ቢሮ የተለየ፣ ተጠሪነቱም ለተመረጠው ምክር ቤት መሆን አለበት። ላኪው የሚሰጠው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። የላኪን ማንነት ለጸጥታ አካል ወይም ለፓርቲ አሳልፎ መስጠት ወንጀል ይሁን።

ኢንተርኔት ለሌለው ሰውስ? አገልግሎቱ በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ አብዛኛው ወገናችን፣ በተለይ ድኃውና አረጋዊው፣ ከደጅ ይቀራል። ነገር ግን መንግሥት አቅም የለኝም እንዳይል አንድ ነገር እናስታውሰው። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ገንዘብ ሲሰበሰብ 8100 በተባለ አጭር ቁጥር ከየኪሳችን መዋጮ ተቀብሏል፤ እኛም በደስታ ሰጥተናል፤ ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ብራችን በአጭር መልእክት መድረስ ከቻለ ሐሳባችንም ይደርሳል። ከሌላው ወገን ደግሞ ይኸው የስልክ መስመር ምን እንደደረሰበት የከተማ ሰው አይረሳም። ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት ከሁለት ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። መስመሩን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን በአንድ ሰው ቃል ላይ እስካለ ድረስ በመስመሩ የሚሰጥ አስተያየት ዋስትና የለውም። በአስተያየት መቀበያ ጊዜ ውስጥ መስመር ቢቋረጥ የቀኑ ቆጠራ አብሮ ይቁም፣ መስመሩ ሲከፈት ይቀጥል እንላለን።

እንግዲህ ፓርቲያችን ቢመረጥ በመጀመሪያው ዓመት ለምክር ቤት የሚያቀርበው አዋጅ ይህን ይመስላል። ማንኛውም ረቂቅ አዋጅ፣ የግብር ደንብ ወይም ነዋሪን የሚያፈናቅል የከተማ ፕላን ከመጽደቁ 60 ቀን በፊት በሚነበብ አማርኛና በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ይወጣል። ረቂቁ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየቤተ መጻሕፍቱ በወረቀት ይለጠፋል፣ በሬዲዮ ይነበባል። ማንበብ የማይችል ሰው በቃሉ ተናግሮ የሚያስጽፍበት ጠረጴዛ ይኖራል። አስተያየቱ በወረቀት፣ በነፃ አጭር ቁጥር ወይም በኢንተርኔት ይላካል፤ ላኪው የደረሰኝ ቁጥር ይቀበላል። የ60 ቀኑ ጊዜ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ አርቃቂው መሥሪያ ቤት የቀረቡትን ምክንያቶች በሙሉ፣ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ አትሞ ያወጣል፤ በኃላፊው ስምና ፊርማ። ይህ ሰነድ ከረቂቁ ጋር ካልተያያዘ ምክር ቤቱ ረቂቁን ለውይይት አይቀበልም። ተቀብሎ ቢያጸድቀውም የሚመለከተው ነዋሪ በ90 ቀን ውስጥ በመደበኛ ፍርድ ቤት እንዲሻር መክሰስ ይችላል። ጦርነት፣ ወረርሽኝና የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ለአስቸኳይ ሕግ ቦታ እንተዋለን፤ ነገር ግን በአስቸኳይነት የወጣ ሕግ በስድስት ወር ውስጥ ይህን ሂደት ካላለፈ በራሱ ይሞታል።

በከተሞች ደግሞ ከመዋዕለ ንዋይ በጀቱ የተወሰነው ድርሻ በነዋሪዎች ቅደም ተከተል እንዲመደብ እናደርጋለን። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ይህን ሠርታለች። በየሰፈሩ የተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቱ መንገድ ይቅደም፣ ፍሳሹ ወደየትኛው ሰፈር ይድረስ ብለው ወሰኑ፤ ውኃና የፍሳሽ መስመር ቀድሞ ወዳልደረሰባቸው ድኃ ሰፈሮች ደረሰ። ኋላ የከተማው አስተዳደር ሲለዋወጥ አሠራሩ ተዳክሟል። በከንቲባ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነገር ከከንቲባው ጋር እንደሚሄድ ያሳያልና ይህንንም በአዋጅ እንጂ በመመሪያ አናደርገውም።

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በተመለከተም መለኪያችን ይኸው ነው። አጀንዳ የሰጠ ዜጋ አጀንዳው የት እንደደረሰ፣ ካልገባም ለምን እንዳልገባ በጽሑፍ ማየት መቻል አለበት።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። አዋጅ በሦስት ወር ይዘገያል። ኃላፊዎች ያጉረመርማሉ፤ እኛም ሥልጣን ላይ ብንወጣ የእኛው ሰዎች ማጉረምረማቸው አይቀርም። አዋጁን በመጀመሪያው ዓመት፣ ወንበሩ ገና ሳይለመድ እናቀርባለን የምንለውም ለዚህ ነው።

እስከዚያ ድረስ ውድ መራጮች አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በዚህ ወር በየምርጫ ክልላችሁ የሚመጡትን ተወዳዳሪዎች፣ የገዢውን ፓርቲም የእኛንም፣ ረቂቅ ሕግን ከመጽደቁ ስንት ቀን ቀድመው እንደሚያሳዩዋችሁ፣ አስተያየታችሁን ካልተቀበሉት ማን ፈርሞ እንደሚመልስላችሁ፣ ካልመለሰ የት እንደምትከሱት ጠይቋቸው። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ አስጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ቤታችሁ አስቀምጡት።